በአቶ ኃይለየሱስ ቤት ላይ የሚያልፈው መንገድ

ሰው ቤቱ ሊፈርስ ነው ሲባል ያዝናል፣ ይቆጣል፣ ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል። አቶ ኃይለየሱስ ግን ቤታቸው ሊፈርስ መሆኑን በሰሙ ማግስት አዲስ ኮፍያ ገዙ። ከሞጆ ወደ አዳማ ሲገቡ፣ ከፈጣን መንገዱ መውጫ አጠገብ ካለው ትልቅ አደባባይ ማዶ፣ ኒም ዛፍ ሥር ያለችው ጎሚስታ የእሳቸው ናት። ከኋላዋ መኖሪያ ቤታቸው አለ። ጎማ ሊያስጠግን የቆመውን ሹፌር ሁሉ፣ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ «አሁን አንተ የቆምክበት ቦታ ላይ ትልቅ መንገድ ያልፋል። የነደፈችው ማን መሰለችህ?» ይሉታል። ሹፌሩ አፉን ሳይከፍት፣ «ልጄ! ዘመናይ! ኢንጂነር!» ብለው ይጨርሱለታል።

ግድግዳው ላይ ንብረት ቆጣሪዎች የቀቡት ትልቅ ቀይ የኤክስ ምልክት አለ። ሌላ ሰው እንዲህ ያለ ምልክት በቤቱ ላይ ሲያይ ሆዱ ይባባል፤ እሳቸው ግን «የልጄ ፊርማ ነው» ይላሉ። ድሮ ፊቷን ወደ ቤቱ በር አዙረው የሚቀመጡባትን ወንበር እንኳ ወደ አደባባዩ አዙረዋታል። ለምን ሲባሉ፣ «መንገዱ ሲሠራ እንዳያመልጠኝ» ነው መልሳቸው።

አንድ ቀን ዓብዱ የሚባል የሞጆ ከባድ መኪና ሹፌር ጎማው እስኪነፋለት ሻዩን ፉት እያለ፣ «ጋሼ ኃይሌ፣ ልጅ አስተምሮ ቤቱን ያስፈረሰ እርስዎን አየሁ» አላቸው።

«ያንተ ልጅ በር እንኳ ዝጋ ሲሉት አይሰማም። የኔዋ መንገድ ታወጣለች» ብለው መለሱለት።

እዚያ የነበረው ሁሉ ሳቀ። ዘመናይ ከቤት ውስጥ ሆና ሰማች፤ አልሳቀችም። አባቷን ትወዳቸዋለች፤ እናቷ ካረፉ ጀምሮ ያሳደጓት፣ ጎማ በሚፈታ እጃቸው ሹሩባ ሊሠሩላት የታገሉት እሳቸው ናቸው። እንዲህ በኩራት ባወሩ ቁጥር ከቤት መውጣት ያሳፍራታል። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ አደባባይ የተሠራው መኪና ጥቂት በነበረበት ጊዜ ነው። ዛሬ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር የጫነው ተሳቢ፣ ከወለንጪቲ ሽንኩርት የጫነው አይሱዙ፣ አውቶቡሱ፣ ባጃጁ፣ የፈረስ ጋሪው ሁሉ እዚያች ክብ ውስጥ ይጋፋል። ስለዚህ በድልድይ የተደራረበ ትልቅ ማሳለጫ ይሠራ ተባለና፣ ንድፉ ዘመናይ ለምትሠራበት አማካሪ ድርጅት ተሰጠ። የእሷ ድርሻ መንገዱ የት እንደሚታጠፍ፣ ምን ያህል ሽቅብ እንደሚወጣ መወሰን ነው። መኪናውን የምታስቆጥረው ደግሞ የሥራ ባልደረባዋና ጓደኛዋ ቢሊሴ ናት።

ባለፈው ዓመት በጥር ወር አደባባዩ ላይ ባሉት የመብራት ምሰሶዎች ካሜራ ተሰቀለ። ካሜራው የቀረጸውን ኮምፒውተር ቆጠረው። ውጤቱ ሲወጣ ከሳምንቱ ሁሉ የባሰው መጨናነቅ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሆኖ ተገኘ፤ ይልቁንም ከከተማ መጥቶ አደባባዩን ዞሮ ወደ ግራ የሚታጠፈው መኪና ብዛት ጉድ የሚያሰኝ ነበር። ማንም አልገረመውም። እሁድ አመሻሽ ላይ ሶደሬ ሲዋኝ የዋለው የአዲስ አበባ ሰው፣ «አዳማ ስብሰባ አለብኝ» ብሎ መጥቶ ሲዝናና የከረመውም ጭምር፣ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ሁሉም ያውቃል። ይህን ሁሉ መኪና አደባባይ ስለማይችለው፣ እንደ ቀለበት ተጠማዞ ሽቅብ የሚወጣ ሰፊ መታጠፊያ ያስፈልጋል ተባለ። መሐንዲሶች ሉፕ ይሉታል። ሉፑ የሚያርፍበት አንድ ቦታ ብቻ ነው የተገኘው፤ ኒሙ ሥር።

ዘመናይ ያን ቀን ወዲያው የቡድን መሪዋ ጋ ገባች። ኢንጂነር ማስረሻ ከመናገራቸው በፊት መነጽራቸውን አውልቀው የሚጠርጉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው።

«ኢንጂነር፣ ሉፑ የሚያርፍበት ቤት የአባቴ ነው» አለቻቸው።

«ከሥራው ልትወጪ ትፈልጊያለሽ?»

«አልፈልግም።»

«እንግዲያው ማንም አንድ ቃል እንዳይናገርሽ አድርገሽ ሥሪው።»

ምክሩ መልካም ነበር፤ እሷ ግን ከልክ በላይ ወሰደችው። ከአደባባዩ ወዲያ ማዶ ያለውን የወይዘሮ ኑሰይባን ቤት ለማዳን ደጋፊ ግንቡን ስንት ጊዜ አፍርሳ ነድፋለች። የአባቷ ቤት ላይ ስትደርስ ግን እጇ ይታሰራል። መስመሩን አንድ ሜትር ብታንቀሳቅስ፣ ቆጠራውን «እስኪ ደግመን እንየው» ብትል፣ ለአባቷ አደላች የሚባል መሰላት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው።

ማስረሻን ባነጋገረችበት ቀን ማታ ለአባቷ ነገረቻቸው። አቶ ኃይለየሱስ ግድግዳውን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ፣ እሷን አዩ።

«ጥሩ መንገድ ነው?» አሉ።

«ጥሩ መንገድ ነው፣ አባባ።»

«እንግዲያው ይለፍ» አሉና እራታቸውን ጨረሱ። ኮፍያውን የገዙት በማግስቱ ነው።

ዓመት ዞሮ ጥር መጣ፤ የሶፊ ሰርግም ደረሰ። ሶፊ የዘመናይ አብሮ አደግ ናት። ሙሽራው ኤባ የሚባል የወለንጪቲ ልጅ ሲሆን ረጅምና ዝምተኛ ነው፤ ሶፊ የሁለቱንም ድርሻ ስለምታወራ ቤታቸው ዝም የሚል አይመስልም። ዘመናይ ሚዜ ሆና፣ እንደ ልብ በማያስተነፍስ ቀሚስ ተጠፍራ፣ በሪባንና በአበባ ባጌጠው መኪና ውስጥ ከሙሽራዋ አጠገብ ተቀመጠች።

ከቤተ ክርስቲያን ወደ አዳራሹ የሚወስደው መንገድ አጭር ነው። ግን አዳማ ውስጥ ሙሽራ በአጭር መንገድ አይሄድም። አደባባዩን ሳይዞር አዳራሽ የገባ ሙሽራ ተደብቆ የተዳረ ይመስላል። ከፊት የሚሄደው ፒክአፕ ላይ ቪዲዮ ቀራጩ ወደ ኋላ ዞሮ ቆሟል፤ ከኋላ መኪኖቹ ተከታትለው ክላክስ ያንባርቃሉ፤ ልጃገረዶቹ በመስኮት ወጥተው ያጨበጭባሉ። ልማዱ ሦስት ዙር ነው። ኤባ ግን ሦስቱን ጨርሰው ሊወጡ ሲሉ ቪዲዮ ቀራጩ እጁን ሲያወዛውዝ አየው።

«ምን ሆነ?» አለ ሹፌሩ።

«ፀሐይ መጥታበት አልተቀረጸም። አንዴ ድገሙት ነው የሚለው» አለ ኤባ።

ደገሙት። ያኔ ዘመናይ በመስኮት ወደ ውጭ አየች። ከፊታቸው የሌላ ሰርግ አጃቢ ይዞራል። ከኋላቸው ሌላ ሰርግ ተራውን ሳይጠብቅ ገባ። ባጃጆቹ እንኳ ሪባን አስረው እየዞሩ ነው። አንዱ የከባድ መኪና ሹፌር መውጫው ጠፍቶበት፣ ክላክሱን እያጮኸ፣ ሳይወድ በግድ ሰርገኛ ሆኗል። ቀና ስትል የመብራት ምሰሶውን አየችው፤ ባለፈው ጥር ካሜራው የተሰቀለበት ነው።

«ሶፊዬ፣ እነዚህ ሁሉ መኪኖች ወዴት ነው የሚሄዱት?» አለች በቀስታ።

«የትም ነዋ! እየዞሩ ነው! ምን ነካሽ?»

ዘመናይ እንባዋ መጣ። ሶፊ ለእሷ ያለቀሰች መስሏት አንገቷ ላይ ተጠመጠመችና፣ «ተይ ሜካፕሽ ይበላሻል፣ ባል እንጂ ሞት አልወሰደኝም» አለቻት። ዘመናይ ግን ሌላ ነገር ነበር የታያት። አደባባዩን የሚዞር አንድ መኪና ካሜራው ፊት ባለፈ ቁጥር ወደ ግራ እንደሚታጠፍ አዲስ መኪና ይቆጠራል። ኮምፒውተር ሪባን አያይም፣ እልልታ አይሰማም። የትም ለማይሄዱ መኪኖች መንገድ ነድፋ፣ እሱንም በአባቷ ቤት ላይ ልታሳልፈው ነበር።

በማግስቱ ሰኞ ከቢሊሴ ጋር በር ዘግተው ያለፈውን ዓመት ቪዲዮ ከፈቱ። ሌላውን ቀን ትተው ወደ እሁዱ ሄዱ። ወዲያው ሪባን ያሰረ መኪና አለፈ። ደግሞ አለፈ። ሲመለስ ያው መኪና ነው። ቢሊሴ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ድንገት ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

«ያ ጎፍታ፣ ጌታ ሆይ! አቁሚው፣ አቁሚው! ይሄ የአጎቴ ልጅ ሰርግ ነው!»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እንዴት አልሆን? ያቺ በመስኮት ወጥታ የምታጨበጭበው እኔ ነኝ!»

እውነትም እሷ ነበረች። ያን እሁድ ቆጠራውን ቆማ መቆጣጠር ሲገባት፣ «ካሜራው አለ አይደል» ብላ ሰርግ ሄዳ ነበር። የትራፊክ መሐንዲሷ ራሷን ደጋግማ አስቆጥራለች። ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ቢሊሴ ቪዲዮውን አቆመችው።

«ዘሙ፣ ስህተቱ የኔ ነው፤ እሱን እናገራለሁ። አንቺን ግን ሰው ምን ይልሻል? ንድፉ ሊፈረም ጥቂት ሲቀረው፣ የአባትሽን ቤት የሚያድን ወሬ ይዘሽ ስትመጪ?» አለች ቢሊሴ።

ዘመናይ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የማስረሻ በር ጋ ሦስቴ ደርሳ ተመለሰች። ዝም ብትል የሚወቅሳት የለም፤ አባቷ ራሳቸው ደስ ብሏቸዋል። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ መቀጠል ቀላል ነው። ግን ያ ሉፕ ለምንም የማይጠቅም ሉፕ ነው፤ እሷ ደግሞ የማይጠቅም መንገድ ለመንደፍ አልነበረም የተማረችው። ቢሊሴን አስከትላ፣ አንኳኩታ ገባች።

ማስረሻ ቪዲዮውን አይተው ጨረሱ። መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቤቱ የአባትሽ ባይሆን ኖሮ ይህን ታመጪልኝ ነበር?» አሉ።

«የአባቴ ባይሆን ኖሮ፣ ኢንጂነር፣ አምና ነበር የማመጣልዎት» አለች። «የሌላ ሰው ቤት ቢሆን፣ እነዚህ ሁሉ መኪኖች ከየት ወደ የት ነው የሚሄዱት ብዬ እጠይቅ ነበር። የአባቴ ስለሆነ መጠየቅ ፈራሁ።»

ማስረሻ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» አሉ፤ የተቀረውን አልጨረሱትም። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። «ድጋሚ ይቆጠራል። አንቺ አትነኪውም፤ ቢሊሴም አትነካውም። ሌላ ቡድን ይመጣል። ውጤቱ ቤቱ ይፍረስ ካለ ይፈርሳል።»

«ይፈርሳል» አለች ዘመናይ።

«መቼ ይሁን?» ብለው ጠየቁ።

«በሁዳዴ» አለች ቢሊሴ ፈጠን ብላ። «የእናንተ ሰርግ ያኔ የለም። የኛን የጴንጤዎቹን ሰርግ ግን ጾም አያግደውም፤ ስለዚህ የዘወትር ቀኑንም ይቁጠሩ፣ ሪባን ያሰረውንም ሰው በዓይኑ አይቶ ይለየው። እኔ ደግሞ ማንም ቢያገባ አልሄድም።»

ሁዳዴ እስኪገባና ቆጠራው እስኪያልቅ ዘመናይ ለአባቷ ትንፍሽ አላለችም፤ ተስፋ ሰጥታ መልሳ መንሳት ጭካኔ ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ አቶ ኃይለየሱስ በጄሪካን ኒሙን ውኃ ሲያጠጡ ታገኛቸዋለች። አንድ ጠዋት አላስችል አላት።

«አባባ፣ ሊቆረጥ አይደል እንዴ? ለምን ይደክማሉ?»

«ይቆረጣል ተብሎ ይጠማ?» አሉ፤ ጄሪካኑን እስከ መጨረሻው አንጠፈጠፉት።

ውጤቱ በጾሙ ማብቂያ ላይ መጣ። ወደ ግራ የሚታጠፈው መኪና ከተባለው በእጅጉ ያነሰ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ሉፑ ቀረ። ከሞጆ መጥቶ ቀጥ ብሎ የሚያልፈው ከባድ መኪና በድልድይ ከላይ ይሄዳል፤ የከተማው መኪና፣ ባጃጁና ጋሪው ከሥር በአደባባዩ ይዞራል። ንድፉ አነሰ፣ ቀለለ፣ ማስረሻ እንዳሉት «አማረበት»። ዘመናይ በፈረመችበት ቀን ቢሮ አልቆየችም።

አቶ ኃይለየሱስ ወንበራቸው ላይ፣ እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን ወደ አደባባዩ አዙረው ተቀምጠው ነበር። በወንበሩ አጠገብ ያለች አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠች።

«አባባ፣ መንገዱ ተለወጠ።»

«ምን ሆነ?»

«በኛ በኩል የሚያልፈው ቀረ። ቤቱ አይነካም። ጎሚስታውም፣ ኒሙም አይነኩም።»

አባትየው ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ደስታም ድንጋጤም ፊታቸው ላይ አልታየም። ዓይናቸውን ጥብብ አድርገው አዩአት።

«ለኔ ብለሽ ነው?»

«አይደለም።»

«በእናትሽ ነፍስ?»

«በእማዬ ነፍስ። የነገሩኝ ሰርገኞች ናቸው» አለችና ሁሉንም ዘረዘረችላቸው፦ ሶፊን፣ ቪዲዮ ቀራጩን፣ በመስኮት ወጥታ የምታጨበጭበዋን ቢሊሴን። ቢሊሴ ጋ ስትደርስ አባቷ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«እኔና እናትሽም እኮ እዚችው ነው የዞርነው» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «በሁለተኛው ዙር ጎማ ፈነዳብን። ጎሚስታ በገዛ ሰርጉ ጎማ ሲፈነዳበት አስቢ! ኮቴን አውልቄ እኔው ቀየርኩት። እናትሽ ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ክሪክ አቀበለችኝ። ያን ቀን ነው መርጬ እንዳልተሳሳትኩ ያወቅሁት።» ከዚያ ወደ ማዶ እያዩ፣ «አደባባዩስ?» አሉ።

«ይቆያል።»

«እሰይ። እንግዲህ አንቺም የሆነ ቀን ትዞሪበታለሽ።»

«አባባ!»

«ምን አልኩ? አደባባዩ ካለ ሙሽራው አይጠፋም።»

ከዚያ ወንበሩን ተደግፈው፣ ጉልበታቸውን እያሻሹ ተነሡ። ከጎሚስታው ውስጥ ብሎን የሚያጥቡባትን የቤንዚን ጣሳና ጨርቅ ይዘው ወጡ። ቀጥ ብለው ወደ ግድግዳው ሄዱና ቀዩን ምልክት ያሹት ጀመር። እንደ ሽማግሌ አልነበረም የሚያሹት፤ ጠበኛውን እንደያዘ ጎረምሳ ነበር።

ዘመናይ ቆማ አየቻቸው። «አባባ፣ የልጄ ፊርማ ነው ይሉ አልነበር?»

ዞር አላሉም። «ሌላ ምን ልበል ኖሯል? ‹ልጄ ቤቴን ልታፈርስብኝ ነው› ልበል? አንገትሽን ደፍተሽ እንድትሄጂ?» እጃቸው አላቆመም። «እናትሽን ያስገባሁበት ቤት ነው። አንቺ የተወለድሽበት ነው። ዓመቱን ሙሉ ይችን ግድግዳ ማየት አልቻልኩም፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የተቀመጥኩት።»

ዘመናይ ወንበሩን አየች፤ ፊቱን ወደ አደባባዩ፣ ጀርባውን ወደ ቤቱ። በየቀኑ በአጠገቡ ስታልፍ ዓመት ሙሉ አልገባትም ነበር። አሁን አለቀሰች፤ እንደ ሰርጉ ዕለት ሌላ ነገር አላስመሰለችም። ሌላ ጨርቅ አምጥታ ቤንዚኑ ውስጥ ነከረችና በሌላኛው ጫፍ ጀመረች።

ቀለሙ ሮዝ ሆነ፣ ከዚያ ደበዘዘ፣ ኖራውም አብሮ መላጥ ጀመረ።

«ይበቃል አባባ፣ ለቋል» አለቻቸው።

«ትንሽ ቀርቷል» አሉ አቶ ኃይለየሱስ።

የቀረውን አሽተው ሲጨርሱ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። ከዚያ ወንበራቸውን አንሥተው፣ ፊቱን ወደ ቤቱ አዙረው ተቀመጡ።